የትኬት ዋጋና የታዳሚ ሥነ ሥርዓት

ጥያቄ፦ የኮንሰርት ትኬት ቢወደድና ቦታው ቢጠብ የታዳሚው ረብሻ ይቀንሳል?

መልስ፦ ዋጋ ብቻውን ጨዋ ታዳሚ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሮም ከተማ የተካሄደው የዉድስቶክ ፌስቲቫል መግቢያው 150 ዶላር ነበር፤ ለዘመኑ ውድ የሚባል። ሆኖም ጥላ በሌለው የቀድሞ የአየር ኃይል ሰፈር በሐሩር ሲንገላታ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ በ4 ዶላር ሲገዛ የሰነበተው ሕዝብ በመጨረሻው ሌሊት እሳት ለኮሰ፣ ንብረትም ዘረፈ። ብዙ የከፈለ ብዙ ይጠብቃል፤ «ከፍያለሁ» ብሎ እንዳሻው የሚሆንም አይጠፋም።

በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ የሚቀርበው የቢቢሲ ፕሮምስ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል በአንጻሩ በአንድ ዝግጅት ከ5,000 በላይ ሰው ያስተናግዳል። የቁም ትኬቱ በ2024 ከ10 ፓውንድ በታች ነበር። ርካሹን የያዙት ግን መድረኩ ሥር ቆመው ሲምፎኒውን በጸጥታ ያዳምጣሉ፤ ይህን ያስገኘው ለዓመታት የዳበረ ልማድ ነው።

የቦታ መጥበብ በመጠኑ ይረዳል፤ ረባሹን ለይቶ ማስወጣት ይቀላል። አርቲስቱን ግን ለተወርዋሪ ዕቃ ያቀርበዋል። ዘፋኟ ቢቢ ሬክሳ በ2023 ፊቷን በስልክ የተመታችው በስታዲየም ሳይሆን በኒውዮርኩ ፒር 17 ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። አዘጋጆች ዋጋ ከሚቆልሉ በሠለጠኑ አስተናጋጆችና በመጠጥ ቁጥጥር ላይ ቢያተኩሩ ይበጃል።