ሳይጠሩ ይሂዱ

«ነገ ወላጅህን ይዘህ ና!» ይህን ትእዛዝ የማያውቅ የአገራችን ተማሪ የለም። መስኮት ሲሰበር፣ ጠብ ሲነሳ፣ ልጁ ከክፍል ሲጠፋ ይሰጣል። ወላጅ ሥራውን ጥሎ እየተጨነቀ ይሄዳል፤ ወቀሳውን ሰምቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ የሚረግጠው ሰኔ ላይ ካርድ ለመቀበል ነው። አንዱ ጉዞ ጥፋት ከተፈጸመ፣ ሌላው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ምክር አንድ ነው፤ ችግር ሳይኖር፣ ማንም ሳይጠራዎት፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ ልጅዎ ትምህርት ቤት ይሂዱ።

ለምን አስቀድሞ?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በየቤቱ ድንጋጤና ሐዘን ሆነ። ያ ውጤት ግን በፈተናው ሳምንት የተፈጠረ አልነበረም። በ2ኛ ክፍል አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ፣ በ4ኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፉ አይገባውም። ማባዛትና ማካፈል ሳይገባው ያለፈ ልጅ አልጀብራ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከክፍል ወደ ክፍል መዛወሩ ክፍተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይሞላውም። በአንድ ክፍል ብዙ ልጆች የሚያስተምር መምህር የእያንዳንዱን ድክመት በጊዜው ላያይ ይችላል፤ ስለዚህ የወላጅ ዓይን ያስፈልጋል።

«እኔ ሳልማር ምን ልረዳው?»

ብዙ እናትና አባት ከትምህርት ቤት የሚርቁት በዚህ ሐሳብ ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንደየክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ፣ የተማረውም ወላጅ ደብተሩን ገልጦ ግራ ይጋባል።

ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች ተሳትፎ ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረዋል። ከተሳትፎ ዓይነቶች ሁሉ ከጥሩ ውጤት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው፣ ወላጅ ስለ ትምህርት ጥቅም ከልጁ ጋር መነጋገሩ፣ ከእሱ የሚጠብቀውን መንገሩና የነገውን አብሮ ማቀዱ ነው። የቤት ሥራ ማገዝ ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አላሳየም። እንግዲህ ትልቁን ድርሻ ለመወጣት ዲግሪ አያስፈልግም።

ማታ ከልጅዎ ጎን ይቀመጡና «ዛሬ ምን ተማርሽ? እስቲ አስረጂኝ» ይበሏት። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ታስረዳዎት። ያስረዳች እንደሆነ ትምህርቱ ገብቷታል፤ መሐል ላይ ከተደናቀፈች ነገ መምህሯን የምትጠይቀው ጥያቄ ተገኘ። ደብተሯን ይግለጡ፤ ማንበብ ባይችሉም ባዶ የቀረውን ገጽና የቀዩን እስክሪብቶ ምልክት ያያሉ። ታናሽ ወንድሟም ጮክ ብሎ ያንብብልዎት።

የጥናት ጊዜያቸውንም ይጠብቁላቸው። ወንድሟ ሲያጠና እሷ ውሃ ልትቀዳና ወጥ ልትሠራ የምትነሳ ከሆነ፣ በውጤት ብትበለጥ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የቤቱን ሥራ ለሁለቱም ያካፍሉ። በአጨዳና በገበያ ቀን ልጅን ከክፍል ማስቀረትም ብዙ ያስከፍላል፤ የነገው ትምህርት የሚቆመው በዛሬው ላይ ነውና።

አረብ አገር እየሠራች ልጇን በአያቱ ቤት የምታሳድግ እናትም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለችም። ስትደውል «ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» ከማለት አልፋ «በዚህ ሳምንት ምን ከበደህ?» ብላ ትጠይቀው፤ አያትየው ደግሞ በእሷ ምትክ ትምህርት ቤት ብቅ ይበሉ።

መምህሩን ምን ልጠይቅ?

«ልጄ እንዴት ነው?» ካሉ «ደህና ነው» ተብለው ይመለሳሉ። ጥያቄዎ ቁርጥ ያለ ይሁን፦

• «መምህር፣ ለክፍሉ የሚመጥን ንባብ ያነባል?»
• «በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ርዕስ ነው የሚቸገረው?»
• «እጁን አውጥቶ ይጠይቃል? ሰሌዳውስ ይታየዋል?»
• «የማጠናከሪያ ትምህርት ካለ መቼ ነው?»
• «እኔ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?»

እርስዎም መምህሩ የማያውቀውን ይንገሩት። ቤት ውስጥ ሐዘን ወይም ሕመም ካለ፣ ልጁ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ ከሆነ፣ ይህን ያወቀ መምህር ልጁን በሌላ ዓይን ያየዋል። በመምህሩ ፊት ግን ልጅዎን አይስደቡ፣ አይምቱ። በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ ሁለተኛ መምጣትዎን ይፈራል፤ ችግሩንም ይደብቅዎታል።

ኅብረቱ የእርስዎም ነው

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መዋጮ ስንጠየቅ ነው፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ ሲሰጥ፣ በገንዘቡ አጠቃቀም ላይ ወላጆች ድምፅ እንዲኖራቸው ታስቦ ነበር። የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብሩም 4 ዐበይት ርዕሶች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ ይገኙ፤ በአክብሮትም ይጠይቁ። የመማሪያ መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ደረሰ? የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃና የሚዘጋ በር አለው? መምህር ሲቀር ክፍለ ጊዜውን ማን ይሸፍናል? ድጎማው በምን ላይ ዋለ? አንድ ወላጅ ብቻውን ሲጠይቅ እንደ ነገረኛ ሊታይ ይችላል፤ ዐሥር ወላጆች አንድ ላይ ሲጠይቁ ግን ጉዳዩ አጀንዳ ይሆናል።

የዓመቱ ዕቅድዎ

• መስከረም፦ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ይተዋወቁ፤ ስልክ ይለዋወጡ።
• ኅዳር፦ የመጀመሪያዎቹን ፈተናዎች ውጤት ይዘው፣ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይጠይቁ።
• የካቲት፦ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ላይ ከልጅዎና ከመምህሩ ጋር ሦስት ሆናችሁ ተነጋገሩ።
• ሚያዝያ፦ ከፈተናው በፊት የቀረውን ክፍተት ይለዩና የማጠናከሪያ ፕሮግራም ያውጡ።

ሁሉም ካልሆነልዎ በመስከረሙ ይጀምሩ። በሰላም ቀን የተዋወቁት መምህር ችግር ሲያይ ወዲያው ይደውልልዎታል፤ ልጅዎም ገና ሊታገዝ በሚችልበት ጊዜ ይደረስለታል።