ልጁ ለምን ተቆጣ?

በክፍል ውስጥ የሚቆጣ ወይም የሚያለቅስ ልጅ ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን «ይህ ልጅ ባለጌ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። እኛም እንዲሁ አድርገናል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቢቆምም፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ልጆች ፍርሃታቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ገበታ ቀርበዋል። ከእነዚህ አንዱ በማጠናከሪያ ትምህርት ክፍላችን ነበር። አንድ ቀን በረዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ከዴስኩ ሥር ገባ። ልጆቹ ሳቁበት፤ እርሱም አንዱን በቡጢ መታው። እኛም ነገሩን ሳንመረምር በሁሉ ፊት አንበረከክነው። በማግሥቱ ልጁ ቀረ። እናቱን ሄደን ስንጠይቅ፣ ቤታቸው በከባድ መሣሪያ ሲመታ ልጁ ውስጥ እንደ ነበረ ነገሩን። የቀጣነው ፍርሃቱን መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

ሰው ሲደነግጥ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመጣላት ይዘጋጃል። በዚያች ሰዓት ምክርም ተግሣጽም አይገባውም። እንግዲህ ማረጋጋት ይቀድማል፤ ማስተማር ይከተላል።

አንደኛ፣ መምህሩ ራሱን ያረጋጋ፤ ድምፁንም ዝቅ ያድርግ። መምህሩ ከጮኸ የልጁ ድንጋጤ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ ልጁን በሰው ፊት አያሳፍረው። አጠገቡ ቀርቦ በቀስታ ያናግረው፤ ውኃ ይስጠው። ደጅ ወጥቶ አየር ቢቀበልም ብቻውን አይተወው።

ሦስተኛ፣ ልጁ በአፍንጫው አየር ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ረዘም አድርጎ እፍ ይበል። ይህም የልብን ምት ያረግባል። ክፍሉ በሙሉ ጠዋት ጠዋት ቢለማመደው ልጁ ለብቻው አይታይም።

አራተኛ፣ «ፈርተህ ነው? ተናደህ ነው? አፍረህ ነው?» እያልን ስሜቱን በስሙ እንዲጠራ እንርዳው። ብዙ ጊዜ ከቁጣ በስተ ጀርባ ፍርሃት ወይም ኀፍረት አለ።

አምስተኛ፣ ሲረጋጋ ስለ ጥፋቱ እንነጋገር። መፍራት ጥፋት አይደለም፤ ጓደኛን መምታት ግን ጥፋት ነው። የመታውም የሳቁትም ይቅር ይባባሉ።

«ያለ አርጩሜ ልጅ አይታረምም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ደግሞም በፍርሃት ላይ ቅጣት ቢጨመር ፍርሃቱ ይበረታል እንጂ አይጠፋም። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ወይም ከሰው የራቀ ልጅ ካለ ግን፣ ከወላጆቹ ጋር ተመካክረን ወደ ጤና ጣቢያ እንምራው።

እኛም እናቱንና ልጁን ይቅርታ ጠየቅን፤ ልጁም ተመለሰ። ዛሬ ሰማዩ ሲጠቁር መምህሩ «በረዶ ሊጥል ነው፤ ድምፁ ይበረታል» ብሎ አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ልጁም ወንበሩን ወደ መምህሩ ያስጠጋል።

ለውይይት፦
1. በልጅነታችን ስንደነግጥ ያረጋጋን ማን ነበር? እንዴትስ አረጋጋን?
2. በክፍላችን ወይም በሰፈራችን በቁጣው ብቻ የምናውቀው ልጅ አለን?