«ቀርቷል» የተባለ ገንዘብ ማንን ያከስራል?

ለመሆኑ መንግሥት «እሰጣችኋለሁ» ያለውን ገንዘብ መልሶ «ቀርቷል» ቢል መጀመሪያ የሚከስረው ማን ነው? መርካቶ ውስጥ ይህን ጥያቄ ብናቀርብ አብዛኛው ነጋዴ «ተቀባዩ ነዋ!» ይለናል። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ተስፋ የተሰጠው ገንዘብ ከግምጃ ቤት ሳይወጣ ገበያ ውስጥ ገብቶ ሥራ ጀምሯልና። በእሱ ተማምኖ ዱቤ የወሰደ አለ፤ በእሱ ተማምኖ ዱቤ የሰጠም አለ። የዛሬው የገበያ ትምህርታችን በዚህ ሁለተኛው ሰው ላይ ያተኩራል።

ተስፋም ገንዘብ ነው

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ወጪያቸውን የሚወስኑት ዛሬ በኪሳቸው ባለው ብቻ ሳይሆን ወደፊት እናገኘዋለን ብለው በሚጠብቁት ገቢ ጭምር እንደሆነ አስረድቷል። ነገሩን ለመረዳት ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የወር ደመወዝተኛ ወር ሳይሞላ ከሰፈሩ ሱቅ ስኳርና ዘይት በዱቤ ሲወስድ ባለሱቁ የሚያበድረው በሰውየው መልክ ሳይሆን በደመወዙ ቀን ተማምኖ ነው።

የመንግሥት ቃልም እንዲሁ ነው። ቃሉ ከታመነ ተቀባዩ አስቀድሞ ይበደርበታል፣ ነጋዴው አስቀድሞ ዕቃ ያስመጣበታል። ቃሉ ከታጠፈ ደግሞ የሚቀረው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በገንዘቡ ላይ የተቆለለው ዱቤ ሁሉ አብሮ ይናዳል። ስለዚህ የስረዛው ጉዳት የሚለካው በተሰረዘው ገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን እስከ ስረዛው ቀን ድረስ በቃሉ ላይ በተከማቸው ዕዳ ነው።

የቶኪዮው ስረዛ

ቅርብ ጊዜ የታየውን የጃፓንን ጉዳይ እንመልከት። ገዢው ፓርቲ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተካሄደው የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ ሲዘጋጅ የኑሮ ውድነቱን ማካካሻ ይሆን ዘንድ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 20,000 የን፣ ለልጆችና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች ደግሞ 40,000 የን እንደሚታደል ቃል ገባ። 20,000 የን በጊዜው ምንዛሪ ከ130 ዶላር በላይ ነበር። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የፍጆታ ታክሱ ይቀነስ አሉ። ብዙ መራጭም እደላውን በምርጫ መደለያነት ጠረጠረው። ገዢው ጥምረት በምክር ቤቱ የነበረውን አብላጫ ወንበር አጣ። ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትር ሳናኤ ታካይቺ እቅዱ የሕዝብ ድጋፍ እንዳላገኘ ጠቅሰው ሰረዙት።

ታዲያ ጃፓን ተናጋች? አልተናጋችም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቃሉ ገና ዕዳ አልሆነም ነበር። በ20,000 የን ተማምኖ ሩዝ በዱቤ የወሰደ ቤተሰብም ሆነ ያበደረ ባለሱቅ እምብዛም አልነበረም። ሕዝቡ ቅሬታውን በድምፅ መስጫ ካርድ ገለጸ፤ ገበያው መንገዱን ቀጠለ።

ሰሃላ ላይ ሲሆን

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሰሃላ ሰየምት በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ወደ ተከዜ ሸለቆ ያዘነበለ ቆላማ ወረዳ ነው። እርሻው በዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ዝናቡ ሲያጥር የአብዛኛው ገበሬ መጠባበቂያ ፍየል ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ ከውጭ የሚገባው ድጋፍ፣ በጥሬ ገንዘብም ይሁን በእህል፣ የገበያው አንድ ምሰሶ ይሆናል።

የዚህ ድጋፍ ዋነኛው መንገድ በጥር 1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በተለምዶ «ሴፍቲኔት» የሚባለው መርሐ ግብር ነው። ጉልበት ያለው በእርከንና በመንገድ ሥራ ተሠማርቶ፣ አረጋዊና አቅመ ደካማው ደግሞ ያለ ሥራ ይረዳበታል። በየዓመቱ የሚመጣ በመሆኑም ቀስ በቀስ እንደ ደመወዝ መቆጠር ጀመረ። ባለሱቁ «ሴፍቲኔት ሲገባ ትከፍለኛለህ» ብሎ ዘይትና ጨው ይሰጣል።

ሰንሰለቱ በዚህ አያበቃም። ለስሌት ያህል አንድ የገጠር ባለሱቅ ለ100 አባወራዎች ለእያንዳንዳቸው የ1,500 ብር ዱቤ ቢሰጥ 150,000 ብር ውጭ ላይ አለው ማለት ነው። እሱ ራሱ ዕቃውን ያመጣው ከሰቆጣ ነጋዴ በዱቤ ነው። የሰቆጣው ከወልዲያ ወይም ከደሴ ጅምላ አከፋፋይ፣ ያም ከመርካቶ። ክፍያው ሲቀር ገበሬው ፍየል ይኖረው ይሆናል፤ ባለሱቁ ግን ያለው መዝገብ ብቻ ነው። ሰሃላ ላይ የታጠፈ ቃል ሁለትና ሦስት ወር ቆይቶ መርካቶ ላይ «ገበያው ቀዘቀዘ» ተብሎ የሚወራው በዚህ መንገድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የሆነውም ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰኔ 1 ቀን የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ ዕርዳታ በመላ አገሪቱ አቆመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ተከተለው። ምክንያቱ እህሉ በተቀነባበረ መንገድ ከተረጂው እጅ እየወጣ ነው የሚል ነበር። ዕርዳታው እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ወራት ውስጥ ነው። በዚያው ክረምት ዝናቡ በዋግ ኽምራ ከዳ። ድርቁ ክፉኛ ከጎዳቸው ወረዳዎች መካከል ሰሃላ፣ ዝቋላና አበርገሌ ነበሩ።

«ይህ እህል ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለገበያው ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው። በነፃ ይመጣል የተባለው 15 ኪሎ ከቀረ ቤተሰቡ ያንን 15 ኪሎ መግዛት አለበት። የሚገዛበት ገንዘብ ደግሞ ለባለሱቁ ሊከፈል የነበረው ነው። ጊዜውንም ልብ እንበል። ሰኔ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ያለው እህልም ዘር ሆኖ መሬት የሚገባበት ወር ነው። የቶኪዮው ቃል ዕዳ ሳይሆን ተሰረዘ። የሰኔው ዕርዳታ ግን የብዙ ቤተሰብ የክረምት ስሌት ከሆነ በኋላ ነው የቆመው።

የሕዝቡ ምላሽ የት ይታያል?

ከሰሃላ ዓይነት ሩቅ ወረዳ የሰልፍ ዜና አይጠበቅም። አቤቱታው የሚነበበው ገበያ ላይ ነው። ድጋፉ ሲቀር ሁሉም በአንድ ጊዜ ፍየሉን እየነዳ ይወጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እህል ይፈልጋል። የአንዱ ዋጋ ይወድቃል፣ የሌላው ይወጣል። አሁንም ለስሌት ብቻ፣ ፍየሉ 4,000 ብር፣ ማሽላው በኩንታል 4,000 ብር ከነበረ አንድ ፍየል አንድ ኩንታል ይገዛል። ፍየሉ ወደ 2,500 ወርዶ ማሽላው 5,000 ከገባ ያው ፍየል የሚገዛው ግማሽ ኩንታል ብቻ ነው። ገበሬው በአንድ በኩል ድጋፉን፣ በሌላ በኩል የሀብቱን ግማሽ የመግዛት አቅም አጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምላሽ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ድጋፉ ቢመለስም እምነቱ አብሮት አይመለስም። ባለሱቁ ለቀጣዩ ቃል ዱቤ አይሰጥም፤ ከሰጠም ዋጋ ጨምሮ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ ሲያዙ ደግሞ ይህ ጥርጣሬ መሠረት እንዳለው ታየ።

ሳይሰረዝ የተሰረዘው

ቃል የሚታጠፈው በአዋጅ ብቻ አይደለም። ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። ሲሰላ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሲታሰብ 30 ብር ወይም 15 ኪሎ ይሆናል። ስሌቱ የቆመው ኩንታሉ 200 ብር ነው ብሎ ነው። ኩንታሉ 400 ሲገባ ያው 30 ብር 7 ኪሎ ተኩል ብቻ ይገዛል። በ2000 ዓ.ም. ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም በዚያው ዓመት የእህል ዋጋ ከዚያ በላይ ተስፈነጠረ። በወቅቱ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ብዙ ተረጂዎች «ገንዘቡ ይቅርብን፣ እህል ስጡን» ወደ ማለት ዞረዋል። ማንም «ቀርቷል» ሳይል ግማሹ ቀረ። የክፍያ መዘግየትም ውጤቱ ይኸው ነው። ለሰኔ የተባለ ገንዘብ መስከረም ላይ ሲገባ ፍየሉ አስቀድሞ ተሸጧል።

ነጋዴው ምን ይማር?

አንደኛ፣ የመንግሥትን ቃል በሦስት ደረጃ ለይቶ ማየት ይገባል። በንግግር የተነገረ፣ በበጀት የጸደቀ፣ ተቀባዩ እጅ የገባ። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊት በንግግር ብቻ ባለ ገንዘብ ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለውን ተረት በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ ዱቤው ከአንድ ዙር ክፍያ አይብለጥ። ሁለት ዙር ካለፈ ዕዳውን የሚከፍለው ሴፍቲኔት ሳይሆን የገበሬው የመጨረሻ ፍየል ነው።

ሦስተኛ፣ የፍየልና የእህል ዋጋን ለየብቻ ሳይሆን አንዱን ከሌላው ጋር እያነጻጸሩ መከታተል ነው። አንድ ፍየል የሚገዛው ኪሎ በየሳምንቱ እያነሰ ከሄደ ከየትኛውም መግለጫ ቀድሞ ችግሩን ይነግረናል። በዚህ ጊዜ ርካሽ ፍየል ጭኖ መውጣት ለአንድ ወቅት ያተርፋል። ነገር ግን እናት ፍየሎቿ የተሸጡባት ሰሃላ ለቀጣዩ ዓመት የሚሸጥ ግልገል፣ ከባለሱቁም የሚገዛ ደንበኛ አይኖራትም።

ለመንግሥትና ለለጋሾችም የሚቀር ቃል አለ። መሰረዝ አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ካዝና ሊነጥፍ፣ እህል ሊሰረቅ ይችላል። ሆኖም ከሰኔ በፊት የተነገረ ስረዛ ገበሬው ዘሩንና ፍየሉን አስልቶ እንዲጠቀም ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሰኔ ላይ የተነገረ ግን ስሌቱን ሁሉ ያፈርስበታል። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናት መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የተገባው ትልቅ ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚል ስም ተሰጥቶታል። በዚያው በሰቆጣ ዙሪያ ያለው ባለሱቅ ቃልን የሚመዝነው ግን በስሙ አይደለም። ባለፈው ሰኔ የተባለው ገብቶ እንደሆነ መዝገቡን ገልጦ ያያል።