ንፋሱን ማንበብ፦ ከአልሞ ተኳሾች የምንማረው

 

ሶሓባው ዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) በስተርጅና ዘመናቸው በሁለት ዒላማዎች መካከል እየተመላለሱ ፍላጻ ይወረውሩ ነበር። ይህን ያየ አንድ ሰው ተገርሞ፣ በዚህ ዕድሜዎ ይህ ሁሉ ልፋት አይከብድዎትም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት አንድ ነገር ባይኖር ኖሮ እንደማይደክሙበት ነገሩት። የሰሙትም ውርወራን ተምሮ የተወ ሰው ላይ የተነገረ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነበር። ታሪኩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል።

ቆም ብለን እናስብ። እኚህ ሰው ጀማሪ አልነበሩም። የግብፅ አስተዳዳሪ እስከመሆን የደረሱ ታላቅ ሶሓባ ናቸው። ግን ልምምዱን አልተዉትም። ምክንያቱም ዒላማ መምታት አንዴ ተምረውት ኪስ ውስጥ የሚያስቀምጡት ዕውቀት አይደለም። ቀኑ ይለያያል፣ ርቀቱ ይለያያል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንፋሱ ይለያያል።

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ንፋስ ነው። በአደን ጠመንጃ ከሩቅ ዒላማ የሚመቱ ሰዎች ንፋስን እንዴት እንደሚያነቡ እናያለን። ጠመንጃ ነክታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

*1. ንፋስ ጥይትን ምን ያደርገዋል?*

ብዙ ሰው ጥይት በጣም ስለሚፈጥን ንፋስ የሚነካው አይመስለውም። እውነታው ግን ሌላ ነው።

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት የአደን ጥይቶች አንዱን፣ 308 ዊንቸስተርን እንውሰድ። 11 ግራም ገደማ የሚመዝን ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 800 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሁን ከጎን በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ አለ እንበል። ይህ ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ የሚያንቀሳቅስ፣ ማንም ሰው «ለስላሳ ነው» የሚለው ንፋስ ነው። ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይገፋል። በ300 ሜትር ላይ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። በ500 ሜትር ላይ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

ልብ በሉ! ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስህተቱ ሦስት እጥፍ አልሆነም፤ ወደ አስር እጥፍ ተጠጋ። በቅርብ የማትታይ ትንሽ መሳት ሩቅ ስትሄድ ታድጋለች። በ100 ሜትር ዒላማ ላይ «ንፋስ ምንም አያመጣም» ብሎ የደመደመ ሰው በ500 ሜትር ላይ ዒላማውን ጨርሶ ያጣዋል።

ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። «ጥይቱ ይበልጥ ከፈጠነ ንፋሱ ያነሰ ይጎዳዋል» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በትንሿ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ ላይ ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ በልጦ የሚወጣው ፈጣን ጥይት፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች ከሚወጣው ዝግተኛ ጥይት ይልቅ በንፋስ ይበልጥ ይገፋል። ለምን? ጥይትን ከመንገዱ የሚያወጣው በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር በአየሩ መቋቋም ምክንያት የሚዘገየው መጠን ነው። አየር ባይኖር ኖሮ በስንት ጊዜ ይደርስ ነበር? አሁንስ በስንት ደረሰ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ለንፋስ የሚያጋልጠው። ፈጣኗ ትንሽ ጥይት በድምፅ ፍጥነት አካባቢ ከአየሩ ጋር እየታገለች ብዙ ፍጥነት ታጣለች፤ ያ ያጣችው ፍጥነት ለንፋስ አሳልፎ ይሰጣታል።

ስለዚህ አዋቂ ተኳሽ «በምን ያህል ፍጥነት ወጣ?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም። «ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ይዘልቃል ወይ?» ብሎም ይጠይቃል።

*2. የማይታየውን በምልክቱ ማወቅ*

ንፋስ አይታይም። የሚታየው ምልክቱ ነው። ተኳሹም ቃታውን ከመሳቡ በፊት ምልክቶችን ይሰበስባል።

መጀመሪያ ጥንካሬውን ይለካል። ንፋሱ ፊት ላይ ከተሰማና ቅጠል ከተንሿሿ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለማቋረጥ ከተንቀሳቀሰ፣ ቀላል ባንዲራም ከተዘረጋ ከ3 እስከ 5 ሜትር ደርሷል። አቧራና ወረቀት ከመሬት ከተነሳ ከ5 እስከ 8 ሜትር ነው። ይህን በዓይን የመለካት ዘዴ የብሪታንያ የባሕር ኃይል መኮንኑ ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 ለመርከበኞች ካዘጋጀው ደረጃ የመጣ ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ያያል። ከቀኝ ወይም ከግራ በቀጥታ የሚመታ ንፋስ ሙሉ ኃይሉን ያሳርፋል። ከፊት ወይም ከኋላ የሚመጣው ጥይቱን ወደ ጎን የሚገፋው እምብዛም ነው። በመካከል በ45 ዲግሪ አግድም የሚመጣውን ብዙ ጀማሪ «ግማሽ ነው» ይለዋል። ስህተት ነው። 70 በመቶ ያህል ኃይል አለው። ግማሽ የሚሆነው በ30 ዲግሪ ሲመጣ ነው። አግድም የመጣን ነገር መናቅ ተኳሾች ዒላማ ከሚስቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሦስተኛው ምልክት በሙቀት የሚርገበገበው አየር፣ ሚራዥ የሚሉት ነው። ፀሐይ በወጣ ቀን በመነጽር ሲታይ አየሩ እንደ ውሃ ሲፈስ ይታያል። ወደ ጎን ከፈሰሰ ንፋሱ ወደዚያ እየሄደ ነው። ተኝቶ በፍጥነት ከፈሰሰ ንፋሱ ጠንክሯል። ቀጥ ብሎ እንደ ድስት ውሃ ወደ ላይ ከፈላ ደግሞ ወይ ንፋስ የለም፣ ወይ ንፋሱ ከፊት ወይም ከኋላ ነው፣ ወይም አቅጣጫውን ሊቀይር ነው። ጀማሪው «ጸጥ አለ፣ አሁን ልተኩስ» የሚለው በዚህች ቅጽበት ነው። ልምድ ያለው ተኳሽ ግን ይህችን ጸጥታ አያምናትም። ጥይቱ ሳይደርስ ንፋሱ ከተቃራኒው ጎን ሊመጣ ይችላልና።

በመጨረሻም ንፋሱ የት እንዳለ ይጠይቃል። ዒላማው አጠገብ ያለው ባንዲራ ዓይን ይስባል። ነገር ግን በእኩል ርቀት ሲታይ ተኳሹ አጠገብ ያለው ንፋስ የበለጠ ይጎዳል። ገና በመነሻው ከመስመሩ ትንሽ የወጣ ጥይት ቀሪውን መንገድ ሁሉ በዚያው ጥመት ይሄዳልና። በመጨረሻው ላይ የተገፋ ግን ለመራቅ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ተኳሹ ሩቁን ከማየቱ በፊት እግሩ ሥር ያለውን ሳር ያያል።

*3. ለእያንዳንዱ ንፋስ የራሱ መስክ*

ንፋስን የማጥናት ነገር ከጠመንጃ በፊትም ነበር። ኢስታንቡል ውስጥ ኦክሜይዳኒ የሚባል ቦታ አለ፤ ትርጉሙ «የፍላጻ መስክ» ማለት ነው። ሱልጣን ሙሐመድ ፋቲሕ ከተማዋን በ1453 ከከፈቱ በኋላ ለቀስተኞች የተለየ መስክ ነው። ልጃቸው ሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ በዘመናቸው የቀስተኞች ማረፊያና መማሪያ ቤት አሠሩበት።

እዚያ ከሚደረጉት ውድድሮች አንዱ ፍላጻን ሩቅ መወርወር ነበር። ቀስተኛው በመዝገብ ስሙ እንዲሰፍር 900 ገዝ፣ ማለትም ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርቀት መድረስ ነበረበት። ከሁሉ የገነነው ቶዝኮፓራን እስክንድር ከ800 ሜትር በላይ እንደወረወረ ይነገርለታል። ፍላጻው ባረፈበት ቦታ ላይም የመታሰቢያ ድንጋይ ይተከል ነበር፤ ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

ለትምህርታችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ የመወርወሪያ መስመሮቹ በንፋሶቹ ስም ይጠሩ ነበር። የሰሜን ንፋስ መስመር፣ የደቡብ ምዕራብ ንፋስ መስመር፣ የሰሜን ምሥራቅ ንፋስ መስመር እየተባለ ለየንፋሱ መስመር ነበረው። ቀስተኛው ወደ መስኩ ሲወጣ መጀመሪያ የዕለቱ ንፋስ የትኛው እንደሆነ ያያል፤ ከዚያ በዚያ ንፋስ መስመር ላይ ይቆማል። ንፋሱን እንደፍላጎቱ ማዞር አይችልም። መቆሚያውን ግን መምረጥ ይችላል።

*4. አለመተኮስም ችሎታ ነው*

በወረቀት ዒላማ ላይ መሳት ነጥብ ያስቀንሳል። አደን ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የአንድ ድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከአንድ መካከለኛ ሰሃን ብዙም አይበልጥም። በ300 ሜትር ለስላሳው ንፋስ 20 ሴንቲ ሜትር ይገፋል ብለናል። ይህን ያላሰበ አዳኝ ልብ ላይ ያነጣጠረውን ጥይት ሆድ ላይ ያሳርፋል። እንስሳው ወዲያው አይሞትም። ጫካ ገብቶ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይሰቃያል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለእርድ እንኳ ቢላችንን እንድንስልና እንስሳውን እንድናሳርፍ አስተምረዋል። ነፍስ ያለውን ነገር የመለማመጃ ዒላማ ማድረግንም አጥብቀው ከልክለዋል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ቀን ወፍ አቁመው በፍላጻ የሚወራወሩ ወጣቶች አጋጠሟቸው። ወጣቶቹ የሳተውን ፍላጻ ሁሉ ለወፏ ባለቤት ሊሰጡ ተስማምተው ነበር። ኢብኑ ዑመርን ሲያዩ ተበታተኑ። እሳቸውም ይህን የሚያደርግ በነቢዩ አንደበት የተረገመ መሆኑን ነገሯቸው።

የአደን ፍርድም እንዲሁ በእርግጠኝነት ላይ የቆመ ነው። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ስለ አደን ነቢዩን ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ጠቅለል ሲል እንዲህ ነው፦ መሣሪያው በስለቱ ወግቶ ከገደለ ይበላል፤ በጎኑ ደብድቦ ከገደለ አይበላም። የተወጋው እንስሳ ውሃ ውስጥ ሞቶ ከተገኘም አይበላም፤ የገደለው ፍላጻው ይሁን ውሃው አይታወቅምና። ብዙ የዘመናችን ዑለሞች ጥይትንም ወግቶ እንደሚገድል መሣሪያ ቆጥረው፣ አላህ ስም ከተጠራበት አደኑን ፈቅደዋል።

እንግዲህ አዳኙ ቢስሚላህ ብሎ ጣቱን ቃታ ላይ ሲያሳርፍ ሦስት ጥያቄ ይጠብቀዋል። ንፋሱን አውቀዋለሁ? ዒላማዬን አውቀዋለሁ? ከዒላማው ጀርባ ያለውንስ አውቀዋለሁ? አንዱ እንኳ «አላውቅም» ከሆነ ጠመንጃውን ያወርዳል። ወይ ተጠግቶ ርቀቱን ያሳጥራል፣ ወይ ንፋሱ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ባዶ እጅ መመለስ አያሳፍርም። የተጠራጠረበትን የተኮሰ ሰው ግን ጥይቱን መልሶ ሊጠራት አይችልም።

*5. ጥፋቱ የንፋሱ ነው ወይስ የእጄ?*

ጎበዝ ተኳሾች አንድ ልማድ አላቸው። ጥይቱ እንደወጣ፣ ዒላማውን በመነጽር ከማየታቸው በፊት የት እንዳረፈ ለራሳቸው ይናገራሉ። «ቃታ ስስብ እጄ ወደ ቀኝ ነካ አድርጓል፤ ቀኝ ላይ ነው» ይላሉ። ከዚያ ያያሉ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጥይቱ ባሉት ቦታ ላይ ከተገኘ ጥፋቱ የእጃቸው ነው፤ ማነጣጠሪያውን አይነኩም፣ እጃቸውን ያርማሉ። «ንጹሕ ነበር፣ መሐል ነው» ብለው ግራ ላይ ካገኙት ግን ንፋሱን አሳንሰው ገምተዋል ማለት ነው፤ ግምታቸውን ያስተካክላሉ። ሁለቱን ያልለየ ሰው በእጁ ጥፋት ንፋሱን ይከሳል፤ በንፋሱ ደግሞ እጁን ይጠራጠራል። መቶ ጊዜ ቢተኩስ አይሻሻልም። ለዚህም ነው ርቀቱን፣ ንፋሱን፣ ያሰቡትንና ያገኙትን በደብተር የሚመዘግቡት። የሳቱትንም ጭምር!

ወንድሞችና እህቶች፣ ዑለሞቻችን ሙሓሰባ፣ ነፍስን መተሳሰብ የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም። በሳምንታችን ውስጥ ያልተሳካ ነገር አለ። ከፊሉ ከእጃችን ውጭ የሆነ ንፋስ ነው፤ በእሱ ላይ ሰብር እናደርጋለን፣ መቆሚያችንንም እንመርጣለን። ከፊሉ ግን የራሳችን እጅ ነው። ለንፋሱ አንስጠው። ዛሬ ከዐስር በኋላ አንድ ወረቀት ያዙና ሁለቱን ለዩ። ውጤቱን ሰው ከመንገሩ በፊት እናንተ ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ።

አላህ ምልክትን የሚያነብ ዓይን፣ የሚጠብቅ ልብ፣ በጥርጣሬ ላይ የሚቆም እጅ ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።