የስኳር በሽታና ሕመም የማይሰማው ዐይን

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ዐይን በሽታ ለመጻፍ ምን አገባው የሚል ወንድም ቢኖር አልፈርድበትም። ነገሩን ያነሣሣኝ ባለፈው የጥር ዕረፍት ሐሙሲት ሄጄ ያየሁት ነው። አጎቴ የስኳር በሽታ ካደረባቸው ዓመታት አልፈዋል። በታኅሣሥ ጤፍ ሲያዘሩ እብቅ ገብቶባቸው ዐይናቸው ደም ቢመስልም፣ «ምንም አላመመኝም፤ ለዚህ ብዬ ባሕር ዳር ድረስ አልንገላታም» እያሉ ሰነበቱ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ቁስሉ ጠልቆ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ዐይን ጥላ እንጂ ፊት አይለዩም።

ለመሆኑ ለምን አላመማቸውም? ኮርኒያ ማለት በጥቁሩ የዐይን ክፍል ፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋው ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ መካከሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን እንዲያሳልፍ የደም ሥር የለውም። የስሜት ነርቭ ግን ከቆዳ ይልቅ እጅግ በዝቶበታል፤ ቅንጣት አቧራ ስታርፍብን የምንዘለው ስለዚህ ነው። ነርቮቹም ሕመም ብቻ አያመጡም፤ ዐይን እንዲጨፈንና እንዲያነባ ያደርጋሉ፤ የላይኛው ስስ ሽፋን እንዲታደስም ይረዳሉ።

በደም ያለው ስኳር ለዓመታት ከልክ ሲያልፍ እነዚህ ነርቮች ይመነምናሉ። የእግር ጣት እንደሚደነዝዝ ሁሉ ኮርኒያም ይደነዝዛል። እንባ ያንሳል፤ ላይኛው ሽፋን ከሥሩ ጋር ያለው መያያዝ ይላላል፤ በጤነኛ ሰው በጥቂት ቀን የሚሽረው ጭረት ሳምንታት ይፈጃል፤ በዚያ ክፍተት ተሕዋስያን ይገባሉ።

ስኳርና ዐይን ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሬቲናና ስለ ዐይን ሞራ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የአማራ ክልል በዐይን ማዝ ከዓለም እጅግ ከተጠቁት ስፍራዎች አንዱ ነው። ማዝ የቆየበት የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ኮርኒያን ይፍቀዋል። ነርቭዋ ደኅና የሆነ እናት ሲቆረቁራት ፀጉሩን በወረንጦ ታስነቅላለች (ፍቱኑ መድኃኒት ግን የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው)፤ ኮርኒያዋ የደነዘዘው መፋቁንም አታውቅ።

ምርመራው ቀላል ነው። ሐኪሙ በሾለ ጥጥ ኮርኒያውን ሲነካ ዐይኑ ካልተጨፈነ ነርቩ ደክሟል። ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲያየውም ጭረቱ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ ከተቋቋመ ወዲህ ከለጋሾች የተገኘ ኮርኒያ ይተከላል፤ ሆኖም በደነዘዘ ዐይን ላይ የተተከለውም መሻሩ ያስቸግራል።

አጎቴ አሁን ሲያዘሩ መነጽር ያደርጋሉ፤ ማታ ማታም አክስቴ ሁለተኛውን ዐይናቸውን በባትሪ ያዩላቸዋል።