ለዓመታት የቆመ የኤምጂቢ መኪና ሞተር ለምን ተነሥቶ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ለስምንት ዓመት በጋራዥ የቆመ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራ የኤምጂቢ ስፖርት መኪና ባትሪ ከተለወጠለት በኋላ በካርቡራተሩ አፍ ጥቂት ቤንዚን ሲጨመርበት ይነሣና ወዲያው ይጠፋል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሞተሩ በተጨመረለት ቤንዚን ለቅጽበትም ቢሆን መነሣቱ የካንዴላዎቹ እሳትና የሲሊንደሮቹ እመቃ ለመነሻ ያህል እንደሚበቁ ስለሚያመለክት፣ ብልሽቱ መፈለግ ያለበት ከነዳጅ ታንኩ እስከ ካርቡራተሮቹ ባለው መሥመር ላይ ነው፤ ቤንዚን በአፉ እያፈሰሱ መሞከሩ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ሊደገም አይገባም። ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተመረተው የዚህ መኪና የነዳጅ ፓምፕ ከኋላ በኩል የተገጠመና በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቁልፉ ሲከፈት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከሌለና ኤሌክትሪክ እየደረሰው ከሆነ፣ ፑንቲናው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት እየዘጋና እየከፈተ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው የብረት መገናኛ፣ በመቆም ብዛት መቆሸሹ በእጅጉ ያጠራጥራል። ፓምፑን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ያስነሣዋል፤ ይሁንና መገናኛው ካልጸዳ ችግሩ መንገድ ላይ መመለሱ አይቀርም።

ፓምፑ እየሠራ ቤንዚን የማይደርስ ከሆነ ደግሞ፣ ያረጀ ቤንዚን ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚተወው ሙጫ መሰል ዝቃጭ ማጣሪያውን፣ ቧንቧውን ወይም የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን፣ አሮጌው ነዳጅ ተጠርጎ መውጣትና ካርቡራተሮቹ ተፈተው መታጠብ ይኖርባቸዋል። የደረቁና የተሰነጠቁ የጎማ ቱቦዎች በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ስለሚያንጠባጥቡ ያለማመንታት መለወጥ አለባቸው። ከዚህ በኋላ የሞተሩ ዘይት ተቀይሮ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተውና የእሳት መሥመሩ ተቋርጦ፣ መለኪያው የዘይት ግፊት እስኪያሳይ ድረስ በሞተሪኖ ብቻ ማዞር ኩሽኔታዎቹን ከደረቅ ፍትጊያ ያድናል።