ሌላው የወሰነው ሕይወት፦ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የምንማረው



በዘመናችን ወጣቶች የሚወዷቸው ብዙ ልብ ወለዶችና ፊልሞች ተመሳሳይ ታሪክ ይተርካሉ። ሁሉን የሚወስን ኅብረተሰብ አለ፤ በመካከሉ ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ፤ ፍቅራቸውም «ይህን ሥርዓት ማን ደነገገው?» ብለው እንዲጠይቁ ያስገድዳቸዋል። አሜሪካዊቷ ሎይስ ሎውሪ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዘ ጊቨር» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ለእያንዳንዱ ሰው ሥራውንም የትዳር ጓደኛውንም ይመርጡለታል። ወጣቶቻችን ይህን ሲያነቡ የሩቅ ዓለም ወሬ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ ከዚያ አስቀድሞ በአማርኛ ተጽፎልናል።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በጎጃም ፊታውራሪ መሸሻ አጥንት እየቆጠሩ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ ይመልሳሉ። መምህሯ ሆኖ የመጣውን በዛብህን ደግሞ ወላጆቹ ገና በልጅነቱ በስለት ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል። እንግዲህ የእርሷን ሕይወት የአባቷ የዘር ኩራት፥ የእርሱን ደግሞ የወላጆቹ ስለት አስቀድሞ ወስኖታል። ሁለቱንም የጠየቃቸው የለም። «ምን እፈልጋለሁ? የማንስ ነኝ?» ብለው ራሳቸውን መጠየቅ የጀመሩት በተዋደዱ ጊዜ ነው። ልማዱን በግልጽ የሚነቅፈው ካሣ ግን «ጉዱ» የሚል ስም ወጣለት፤ ጠያቂን እብድ ማለት ለጥያቄው መልስ ከመስጠት ይቀላልና። ፍጻሜው እንደምናውቀው ነው፤ ሰብለ ከቤቷ ጠፍታ በዛብህን ያገኘችው በሞት አፋፍ ላይ ነው።

የበዛብህ ወላጆች የተሳሉት ልጃቸውን ጠልተው እንዳልሆነ ልብ እንበል። ሰውን አስገድዶ የሚገዛ ሥርዓት ሁልጊዜ በክፋት አይጀምርም፤ ብዙ ጊዜ «ለአንተ ብለን ነው» በሚል ቃል ይጀምራል።

ይህ ነገር ለጉለሌ ምእመናን ሩቅ አይደለም። በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሠሩትን ነጠላ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ ሙሽሮቻችንንም እናስጌጣለን። ሆኖም በአገራችን ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን በሥራቸው የመናቅና ልጆቻቸውን ለጋብቻ ያለመፈለግ ልማድ ለዘመናት ኖሯል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የሙሽራይቱን ልብስ ከሸማኔው እጅ ተቀብሎ ልጁን «አጥንቱ ምንድን ነው?» ብሎ መመለስ ከፊታውራሪ መሸሻ በምን ይለያል?

በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ቁጥር 817 ጋብቻ የሚጸናው በተጋቢዎቹ ፈቃድ መሆኑን፥ ይህንንም ፈቃድ ማንኛውም ሰብአዊ ሥልጣን ሊተካው እንደማይችል ይደነግጋል። በቁጥር 825 መሠረትም ከሌላ ወገን በመጣ ኃይል ወይም ብርቱ ፍርሃት ተገዶ የተፈጸመ ጋብቻ አይጸናም። ስለትም ቢሆን የሚያስረው የተሳለውን ሰው ራሱን ነው። የአገራችን የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም የሁለቱን ነፃ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል።

ታዲያ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ተሻረ ማለት ነውን? አይደለም። ወላጅ ሊመክር፥ ሊያስጠነቅቅ፥ ሊያዝንም ይገባዋል። ምክር ግን መልስ ይጠብቃል፤ «አይሆንም» የሚለውንም መልስ ይሰማል። ግዴታ መልስ አይጠብቅም። ወጣቱም በበኩሉ የወደደውን ሁሉ ከመከተል አስቀድሞ፥ ፍቅሩ ሌላውን ሰው ነፃ የሚተው መሆኑን ይመርምር። የሚወዳትን ልጅ በቅናት የሚቆጣጠር ጎረምሳ የፊታውራሪውን ወንበር ወረሰ እንጂ አላፈረሰውም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ወጣት ጥያቄ ይዞ ሲመጣ «ጉዱ» ብለን አንመልሰው። ተቀምጠን እንስማው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. በቤታችን ምክርና ግዴታ የሚለዩት በምንድን ነው?
2. ለልጃችን የመጣን እጮኛ ስንመዝን በመጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ጠባዩ ነው ወይስ ስለ ዘሩና ስለ ወላጆቹ ሥራ?
3. በሰፈራችን በጥያቄው ምክንያት የተገለለ ሰው አለን? ወደ እርሱ ማን ይሂድ?